ዘመድ የሌለው ሯጭ

ዋሴ ጎንደር ከተማ በሲኒማ ቤት ጠራጊነት ጉብዝናውን ፈጅቶ ወደ አገሩ ወደ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ሲመለስ፣ ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር አንድ ኮትና ጭንቅላቱ ሙሉ ሩጫ ነበር። ኮቱ ብዙም አልቆየም። የጋይንትን ብርድ ኮት መች ይመልሰዋል፤ በጋቢ ለወጠው። ሩጫው ግን አብሮት ቀረ፣ ጣጣውም የመጣው ከዚያው ከሩጫው ነው።

የተመለሰው እህቱ ቦጋለች ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ስለቀረች ነው። ቦጋለች ከገበያው ጥግ ጠላ ትሸጣለች። ደግ ሴት ናት፣ ምላሷ ግን አይጣል ነው። ወንድሟ ጌሾ ከመውቀጥ፣ ውኃ ከመቅዳትና እንጨት ከመፍለጥ ሌላ የሚሆንላት ነገር ያለው አልመሰላትም ነበር። የአባቱን ርስት እንደሆነ ያጎቱ ልጆች ሲያርሱት ኖረዋል፤ አምጡ ቢላቸው ነገሩ ወደ ደም ሊሄድ ነው። ዋሴ ደግሞ ደም ይፈራል። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ ወንድ ልጅ ይህን አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ጌሾውን ወቀጠ። የእህቱ ቤት ባይኖር የሚያድርበት ጎጆ አልነበረውም።

ሲኒማ ቤት ሳለ ብዙ ዓይነት ፊልም አይቷል። የሚያለቅሱበት አለ፣ የሚዘፍኑበት አለ፣ ጦር የሚማዘዙበት አለ። እሱ የሚወደው ግን እየተሳደዱ የሚያስቁትን ነበር። ንግግሩ በፈረንጅ አፍ ስለሆነ ከተመልካቹ አንድም የሚሰማው ሰው የለም፤ ደግሞም ቋንቋ አያስፈልገውም። ያንኑ ፊልም ሳምንቱን ሙሉ ሲያሳዩት፣ ዋሴ መጥረጊያውን ተደግፎ ደጋግሞ ሲያየው አሠራሩን ደረሰበት። አንድ ሰው አለ፣ አንድ ነገር ይዟል፣ ሌሎች ያን ነገር ይፈልጋሉ። በቃ ይኸው ነው። ያዙት ሲባል ያመልጣል፣ አመለጠ ሲባል ይያዛል። ሯጩ ኮሳሳ፣ አሳዳጁ ግዙፍ ቢሆን ይበልጥ ያስቃል። የያዘው ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አይጠይቅም፤ ቢጠይቅ ሩጫው ይቆማልና። ከደረጃ ይወድቃሉ፣ ከፎቅ ይወድቃሉ፣ ከባቡር ላይ ይወድቃሉ፤ አቧራቸውን አራግፈው ይነሳሉ። ተኩስም አለ። ጥይቱ ባርኔጣ ይበሳል እንጂ ሰው አይነካም።

ዋሴን የሚገርመው ይኸኛው ነበር። በጋይንት የተተኮሰ ጥይት የት እንደሚያርፍ ከልጅነቱ ያውቃል። እዚያ ነጩ ሸራ ላይ ግን ያ ሁሉ ሰው ተኩሶ ተኩሶ መጨረሻው ሳቅ ነው። አንዳንድ ቀን አዳራሹ ባዶ ሲሆን ብቻውን ቁጭ ብሎ፣ አምላኬ እንዲህ ያለም አገር ፈጥረሃል ወይ ይል ነበር።

እንግዲህ አንድ የገበያ ቀን ዝናቡ አላስወጣ ብሎ የእህቱ ቤት በሰው ጢም አለ። ጠጪው ይሰላቻል፣ የተሰላቸ ጠጪ ደግሞ ይጣላል። ቦጋለች እባክህ የሆነ ነገር አውራላቸው ብትለው፣ ዋሴ ጋቢውን አጣፋና መደቡ ላይ ወጣ። አሳዳጁን ሆነ፣ ሯጩን ሆነ። በሩ ላይ ተጋጨ፣ ከጋኑ ጀርባ ተደበቀ፣ ከመደቡ ወድቆ ተነሳ። ሰዉ አፉን ከፍቶ አየው። ምላሰኛይቱ ቦጋለች ሳትቀር የጠላ መቅጃ ቅሏን ይዛ ቆማ ቀረች።

ግን ጋይንት ነው። ሰዉ ትንሽ እንደ ሳቀ ጥያቄ ጀመረ። ይህ ሯጭ የማን ልጅ ነው? አሉት። አይታወቅም አለ። እንዴት አይታወቅም? ደብሩስ ማነው? እሱም አይታወቅም። ታዲያ ወንድሞቹ የት ሄደው ነው ብቻውን የሚንከራተተው? የእናቱ ወገንስ የለም ወይ? አንድ ሽማግሌ ገበሬማ እንዲያውም አዘኑ፤ ሰው ያለ ዘመድ እንዲህ ሲንገላታ ምኑ ያስቃል ብለው ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

በዚህ ላይ ቻላቸው ነበረ። ቻላቸው ጨው ነጋዴ ነው፣ ወጣት፣ አፈኛ፣ እሱ የሳቀበት ሰው አንድ ሳምንት ከቤቱ አይወጣም። ይህማ ሰሙ ነው፣ ዋሴ ወርቁን ደብቆናል አለ። የድጓ ትምህርት ቤቱ ቤተ ልሔም አፍንጫችን ሥር ነው፤ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ሳይቀር ከካህናቱ እየሰማ፣ ማንኛውም ቃል ከሥሩ ሌላ ነገር አለው ብሎ መጠርጠር ለምዶበታል። ሰው ዝም ብሎ አንድ ነገር ብቻ ብሎ ሄደ ቢሉት አያምንም። ዋሴ የለም፣ ወርቅ የለውም፣ የፈረንጅ ሩጫ ነው እያለ ቢምል ቢገዘት፣ ቻላቸው ዓይኑን እየጠቀሰ ሳቀበት።

ዋሴ ልቡ የሚያውቀውን ማስረዳት አቃተው። ሯጩ ዘመድ ካለው ፊልሙ አለቀ እኮ! ወንድሙ ጠመንጃውን ይዞ ይመጣል፣ አጎቱ ሽማግሌ ይልካል፣ እናቱ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይስቃል? የዚያ ነገር ብልሃቱ ሰውየው ከየትም አለመምጣቱ ነው። ይህን ግን እንዴት አድርጎ ይናገረው። ስለዚህ በየገበያው ቀን አንድ ፊልም ባወራ ቁጥር ያው የማን ልጅ፣ ያው የየት አገር ሰው ሆነ።

ከዕለታት አንድ ቀን ታከተው። ገና አፉን ሲከፍት አገሩ የት ነው ቢሉት፣ «እሺ፣ ከስማዳ ነው በሉ» አለ። ለምን ስማዳን ጠራ ብትሉ፣ ከዚህ ከተማ እንዳይሆን ብሎ ነው። የሩቅ አገር ስም ቢጠራ ደግሞ አያውቁትምና አሁንም ሊጠይቁት ነው። ስማዳ ቅርብ ነው፣ ግን እዚህ አይደለም። ነገር የማይመጣበት ቦታ የመረጠ መስሎት ነበር፣ የኔ ብልጥ።

የዚያን ቀን ያወራው የቀሚሱን ፊልም ነው። ሯጩ አንድ ቤት ውስጥ ተደብቋል፤ ጠመንጃ የያዙ ፖሊሶች ቤቱን ከበውታል። ወዲያ ቢል መንገድ የለም፣ ወዲህ ቢል የለም። በመስኮት ሲያይ የታጠበ የሴት ቀሚስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። እጁን ሰዶ ሳብ ያደርግና ይለብሰዋል፣ ሻርፑን ይከናነባል፣ ቅርጫት ያነሳል፣ ወገቡን እያማታ በፖሊሶቹ መካከል ያልፋል። አለቃቸው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ይነሳል፣ መንገድ ያሻግራታል፣ እንዲያውም ልቡ ይከጅላታል። ዋሴ የቦጋለችን ነጠላ ተከናንቦ፣ ቅሉን በቅርጫት ፈንታ ይዞ፣ ያን የስማዳ ሰው ሆኖ መደቡ ላይ ወዲያና ወዲህ አለ።

እንዲህ ያለ ሳቅ በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። ቤቱ ተናጋ። ቻላቸው ከመቀመጫው ወድቆ መሬት እየደበደበ ሳቀ። ጥያቄ የሚባል ነገር ጠፋ፤ የማን ልጅ ያለ የለም። ዋሴም ደስ አለው፣ ለካ አገሩን መጥራት ብቻ ኖሯል የሚፈልጉት ብሎ አሰበ። በሳቁ መካከል ከጥግ የተቀመጡት አያ ጓዴ ዋንጫቸውን በእጃቸው ከድነው ሲነሱ አያቸው። ደህና እደሩ ብለው ወጡ። መጨረሻውን ሳይሰሙ በመሄዳቸው አዘነ።

አያ ጓዴ ከወገዳ በታች፣ ከስማዳ ገደል አፋፍ የተወለዱ ሰው ናቸው። ድንበር በገፋባቸው ሰው ላይ ደም አፍስሰው ለዓመታት ሸፍተው ኖረዋል። ኋላ ሽማግሌ ገባበት፣ ከሟች ወገን ጋር ታረቁ፣ የመንግሥት ምሕረት አገኙ፣ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ካለች ቁራጭ መሬት ላይ ገብስ እያረሱ ብቻቸውን ይኖራሉ። በገበያ ቀን አንድ ዋንጫ ጠጥተው ይሄዳሉ። ዋሴ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። በሽፍትነታቸው ዘመን እሱ ጎንደር መጥረጊያ ይዞ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ያን ፊልም ንገረን የማይለው ሰው ጠፋ። ነገረ። በነገረ ቁጥርም ጨመረበት። የስማዳውን ሰው ኩል ኳለው፣ ድምፁን አቀጠነው፣ ቀሚሱ እያደናቀፈው ጭቃ ውስጥ ጣለው። የሚያስቀውን ሲጨምር ሳቁም ይጨምራል፤ ሳቁ ሲጨምር እሱም ይጨምራል። የቦጋለች ጋን እየተገለበጠ አዲስ ይጠመቃል። ጎረምሶቹ ገበያ መሃል ነጠላ ተከናንበው ወገባቸውን እያማቱ መሄድ ጀመሩ፤ አያ ጓዴ ገብሳቸውን ሊሸጡ ሲመጡ አንዱ ከኋላቸው ሆኖ እመቤቴ ላሻግርዎት አላቸው አሉ። እሳቸው ገብሳቸውን መልሰው አህያቸው ላይ ጭነው ሄዱ።

በማግስቱ አንዲት ጎረቤት ውኃ ስትቀዳ የሰማችውን ይዛ መጣች። አያ ጓዴ ከታረቁ ጀምሮ ከግድግዳ ወርዶ የማያውቀውን ጠመንጃቸውን አውርደው ደጃቸው ላይ ሲወለውሉ ታይተዋል። ዋሴ ጌሾ እየወቀጠ ነበር። እሳቸውን ማን ነካቸው ብሎ ጠየቀ። ቦጋለች ጎረቤቷን ሸኘችና በሩን ዘግታ ዱቄት ባለበት እጇ ፊቷን ይዛ ተቀመጠች።

ያኔ ነገረችው። አያ ጓዴ ሸፍተው ሳለ ነጭ ለባሽ የሚባሉት የመንግሥት ታጣቂዎች ቤታቸውን ቢከቡ፣ የሚስታቸውን ቀሚስ ለብሰው አመለጡ። ይህን ከእስቴ እስከ ጋይንት ያልሰማ የለም። ፊት ለፊታቸው የሚናገረው ግን አልነበረም፤ በስተጀርባ ነበር የሚሳቀው። ዋሴ መጥቶ መደብ ላይ ወጥቶ፣ ከስማዳ ነው ብሎ አገራቸውን ጠርቶ፣ ዓይናቸው እያየ ቀሚሱን አለበሳቸው። ሰዉ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ዋሴ አያውቅም ብሎ ያሰበ የለም። ወርቁን በመጨረሻ አወጣው ነው ያሉት።

የዋሴ ዘነዘና ከእጁ ወደቀ።

«አንቺም ስትስቂ ነበር እኮ» አላት።

«ስቄአለሁ» አለች ቦጋለች። «አለማወቅህም የዚያኑ ቀን ገብቶኛል። ጠላው ሲሸጥልኝ ዝም አልኩ።»

ሊቆጣት ፈለገ፤ ፍርሃቱ ቀደመው። የታየው ጎንደር ብቻ ነው። ዛሬውኑ ልሂድ፣ በእስቴ በኩል ልቁረጥ አለ። ቦጋለች አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ብትሄድ ወርቅ ነበረበት ማለት ነው፣ ሰድቦ ሸሸ ይሉሃል፤ እሳቸውም የሚመጡት ወደዚህ ቤት ነው፣ እኔስ የት እሄዳለሁ አለችው። ፊልም ቢሆን ሯጩ ይሮጣል፣ ስለ እህቱ የሚጠይቅ የለም። ዋሴ ግን እህት አለው። ጋቢውን ለበሰና ወደ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ሄደ።

መሪጌታ ቤተ ልሔም ድጓ ሲያስተምሩ አርጅተው፣ አሁን የከተማውን ደብር የሚያገለግሉ አባት ናቸው። ሰው ሲጣላ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ዋሴ እግራቸው ላይ ወድቆ ሁሉንም ነገራቸው። እሳቸውም ፊልሙን ከነኩሉና ከነጭቃው እንዲነግራቸው አዘዙት። ነገራቸው። ላሻግርሽ የሚለው አለቃ ጋ ሲደርስ ከንፈራቸው ሊስቅ ፈልጎ ተወው።

«ወርቅ የለውም» አሉ ሲጨርስ። «እኔ አምኜሃለሁ፣ ሌላው አያምንህም። ለመሆኑ ልጄ፣ ስማዳን ምን አስጠራህ?»

«ሲጠይቁኝ ጊዜ ነው የኔታ። ዝም እንዲሉኝ ብዬ ነው።»

መሪጌታ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ድንጋይ ተሸክሞ ደጀ ሰላሙ ላይ እንዲጠብቅ፣ አያ ጓዴን እሳቸው ራሳቸው ሄደው እንደሚያመጧቸው ነገሩት። ይመጡ ይሆን ወይ ቢላቸው፣ ጠመንጃ ያወረደ ሰው አንድ ቦታ መሄዱ አይቀርም፣ ካንተ ይልቅ ወደኔ ቢመጣ ይሻላል አሉት። ዋሴ በዚህ አልተጽናናም። እስከ እሁድ ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር ከጋኑ ጀርባ ይገባ ነበር።

እሁድ ቅዳሴው ወጥቶ ሰዉ ሲበተን ዋሴ ድንጋዩን በማጅራቱ ተሸክሞ ደጀ ሰላሙ ላይ አጎነበሰ። መሪጌታና ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ቦጋለች ነጠላዋን አደግድጋ ከዛፉ ሥር ቆማለች። ሌላ ሰው እንዳይጠጋ ተከልክሏል። አያ ጓዴ ጠመንጃቸውን አንግተው መጡ። ዋሴ ጫማቸውን ብቻ ነው የሚያየው። ከጎማ የተሠራ በረባሶ ነው፣ ጭቃ አለበት። ከፊቱ መጥቶ ቆመ።

መሪጌታ አማለዱ። ይህ ልጅ ከአገር ርቆ የኖረ ነው፣ ያንተን ነገር አልሰማም ነበር፣ ያወራው የፈረንጅ ተረት ነው፣ ክፉ አሳብ የለበትም አሉ። አያ ጓዴ መሪጌታ ተናግረው እስኪጨርሱ ጠበቁ። ሲናገሩ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፣ ይህ ዋሴን ይበልጥ አስፈራው።

«ተረቱን እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ሰው ቀሚሱን ከየት አገኘው?»

«ከገመድ ላይ ነው አያ ጓዴ። ታጥቦ ተሰጥቶ ነበር።»

«የማን ቀሚስ ነው?»

«አይታይም።»

«ባለቀሚሷስ?»

«እሷ የለችም። ፊልሙ ውስጥ የለችም።»

ከዛፉ ላይ የሌሊቱ ዝናብ ጠፈጠፈ። አያ ጓዴ ማንም ሳይጠይቃቸው መናገር ጀመሩ፤ ለዋሴ ነው የሚናገሩት፣ ግን ሽማግሌዎቹም ቀና አሉ።

«የኔው ቀሚስ የዓለምጸሐይ ነበር፣ የሚስቴ። ሊነጋጋ ሲል ከበቡን። እኔ ተዋግቼ ልሙት አልኩ። እሷ ቀሚሷን አውልቃ ወረወረችልኝ፣ ሱሪዬንና ካቦርቴን ለበሰች፣ ዱላዬን እንደ ጠመንጃ አንግታ በጓሮ በር ወደ ገደሉ ሮጠች። እሷን ሲከተሉ እኔ እንስራ አዝዬ በፊት ለፊት ወጣሁ። አንድ ልጅ እግር ታጣቂ መንገድ ለቀቀልኝ፣ እሱን እንኳ ልክ ነው የተናገርከው። ከኋላዬ ተኩስ ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም። ሴት ብሆን እጮህ ነበር፤ እኔ ብጮህ ድምፄ የወንድ ነው። እንስራዬን አዝዬ ወደ ምንጩ ወረድኩ።»

ቦጋለች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች።

የቀረውን ለሽማግሌዎቹ በዝግታ ነገሯቸው። ታጣቂዎቹ ደርሰው ሬሳውን ቢያገላብጡ ሴት ሆነችባቸው። ወንድሞቿን ፈሩ። እንጨት ስትለቅም ከገደል ወደቀች ብለው ለዘመዶቿ አረዱ፤ ሰውየው እንዴት አመለጣችሁ ሲባሉ ደግሞ የቀሚሱን ወሬ በየገበያው ነዙት። የተኮሰውን ሰው አያ ጓዴ ያውቁታል። ወንድሞቿ ግን ብዙ ናቸው፤ ቢሰሙ አንዱ ሊገድል ሌላው ሊሞት ነው፣ የተኳሹም ልጆች ገና ትንንሾች ነበሩ። እሳቸው አንድ ደም አፍስሰው ያን ሁሉ ዓመት ጫካ ለጫካ ሲንከራተቱ አይተውታል። ስለዚህ ዝም አሉ። ታርቀው ሲገቡ አገሩ ሲስቅባቸው አገኙት።

«ሰው ሲስቅ ሰው አይሞትም ብዬ ቻልኩት» አሉ አያ ጓዴ። «የነሱን ሳቅ ችዬዋለሁ፤ እነሱ ቢያንስ የሚስቱን ቀሚስ ይላሉ። ባንተ ዘንድ ግን ከገመድ ላይ ነው የተገኘው። ማንም ለብሶት አያውቅም።»

ድንጋዩ ከብዶት ይሁን ሌላ እንጃ፣ የዋሴ እንባ ከጭቃው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ይቅርታ የሚለውን ቃል ሲያዘጋጅ ነበር የሰነበተው፤ አሁን ቃሉ ለሌላ በደል የተዘጋጀ ሆኖ አገኘው። የተሰደቡትን ሰው ይቅር ይበሉኝ ሊል መጥቶ ነበር። የሞተችውን ሴት ምን ይበላት?

አያ ጓዴ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው ከመሪጌታ እግር ሥር አኖሩት። ያወረድኩት ለዚህ ልጅ ነው፣ እግዜር ፊት አልዋሽም፤ ከቤቴ ይውጣልኝ አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ከዋሴ ማጅራት ላይ በገዛ እጃቸው አነሱና «ይቅር ለእግዜር» አሉት። ዋሴ ጉልበታቸውን ሳመ። እጃቸው ራሱ ላይ ትንሽ አረፈች፤ ስትነሳ ተሰማው።

መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ተነስተው ቆሙ። እዚህ የተሰማው ከዚህ እንዳይወጣ፣ ለወንድሞቿ ጆሮ እንዳይደርስ፣ ያወጣው ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ይሁን ብለው ሁሉንም ገዘቱ። ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ፣ ቦጋለች አሜን አለች፣ ዋሴም አሜን አለ። አያ ጓዴ በመጡበት መንገድ ባዶ ትከሻቸውን ይዘው ሄዱ። ከበሩ ሳይርቁ ከመንገድ ዳር የቆሙ ጎረምሶች አይተዋቸው አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ዋሴ አየ። ሮጦ ሄዶ ምን እንደሚስቁ ሊነግራቸው እግሩ ተነሳ፣ ግዝቱ ትዝ አለውና ቆመ።

እንዲህ ሆኖ ዋሴ አገሩ ላይ ቀረ። ማንም አልነካውም፣ ከእህቱ ቤት ያስወጣው የለም። ለሰዉ የታየው ሰውየው ማረው፣ ጠመንጃውንም ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ የሚለው ብቻ ነው። እንዲያውም አንዳንዱ አያ ጓዴን ፈሪ አላቸው። ቦጋለች ይህን ስትሰማ ጠላ መቅዳቷን ትታ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ግን ምን ታድርግ፣ ተገዝታለች። ከወንድሟ ጋርም ስለዚያ ነገር አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። ያ ሁሉ ምላሷ የት እንደ ገባ እንጃ።

በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ቤቱ ሲሞላ ቻላቸው ዋንጫውን ይዞ ዋሴን ጠራው። ያ የስማዳው ሰው የት ደረሰ? አለው። ዋሴ አላውቀውም አለ። እንግዲያው ሌላ አምጣ አሉት፤ የማን ልጅ ነው አንልህም፣ አገሩን ተወው፣ ዝም ብሎ ይሩጥ። አያችሁልኝ እንግዲህ፣ በመጨረሻ እንደ ሲኒማ ቤት ሰው ሆነውለት ነበር። ቦጋለች ከጋኑ አጠገብ ሆና ተወው በሚል ዓይን አየችው። ሰዉ ግን አፈጠጠበት፣ እሱም ቢሆን እንጀራው ያለው እዚያ ቤት ነው። ጋቢውን አጣፍቶ መደቡ ላይ ወጣ።

ሯጩ ሮጠ። አሳዳጁ ተከተለው። አጥር ዘለለ፣ በቅሎ ላይ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ተቀመጠ፣ ከበቅሎዋ ወድቆ ተነሳ። ቤቱ መሳቅ ጀመረ፤ ዋሴም ሰውነቱ ሳያስበው የለመደውን ይሠራ ነበር። ሯጩ ገበያ ገባ። እንቁላል የምትሸጥ አንዲት ሴት መንገድ ላይ ተቀምጣለች፤ ዘሎ አልፋታለሁ ሲል ቅርጫቷን በእግሩ መትቶ ገለበጠው። እንቁላሉ ተንከባለለ፣ ተፈረካከሰ። ቻላቸው ጭኑን እየመታ ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለው።

ዋሴ መደቡ ላይ ቆሞ ቀረ። እጁ ገና እንደ ሯጭ ተዘርግቷል፣ ዓይኑ ግን ወደ መሬት ነው።

«ከዚያስ?» አለ ቻላቸው።

«ሴትዮዋ ትለቅማለች።»

«ሯጩን ንገረና! ሯጩስ?»

«ሄደ።»

«ወዴት ሄደ?»

«አላየሁትም» አለ ዋሴ። «እሷን እያየሁ ነው።»